ሰባት ሰው የሚሠራበት ቤትም ጤና ያስፈልገዋል

ሰሞኑን ስለ አነስተኛ ንግድ ቤቶች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። የሠራተኞች ጤናና ደህንነት ፕሮግራም የባንኮችና የትልልቅ ፋብሪካዎች ጉዳይ ነው። አምስትና አስር ሰው ለያዘ ስፌት ቤት፣ ዳቦ ቤት ወይም እንጨት ቤት ቅንጦት ነው። ለዚህም አምስት ምክንያት ይደረድራሉ። ገንዘቡ የለም። ጤና የመንግሥትና የሠራተኛው ጉዳይ ነው፣ የጤና መድህንም አለ። እኛ ወሎዎች ቡናችንና ቅሬያችን፣ ማለትም ዕድራችን፣ ይበቃናል። ሠራተኛ ከሠለጠነ በኋላ ጥሎ ይሄዳል። በመጨረሻም አሜሪካኖቹ ራሳቸው ሞክረውት አልሠራም።

ጽሑፉ በቅንነት የተጻፈ ነው። የቤት ኪራዩን፣ የመብራቱን መቆራረጥ፣ የጨርቁን ዋጋ መናር በትክክል ነው ያስቀመጡት። እኔም ደሴ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ትንሽ ቤት አለኝ። ሰባት ሰው ነን። ከዚያ በፊት ዘጠኝ ዓመት ሰው ቤት ተቀጥሬ ሰፍቻለሁ። ነገሩን ተቀጣሪም አሠሪም ሆኜ አይቼዋለሁ። መልስ ሳልሰጥ ማለፍ ያልቻልኩት አንድ ነገር ስላሳሰበኝ ነው። ያንን ጽሑፍ አንብቦ «በቃ፣ እኛን አይመለከተንም» የሚል አሠሪ ይኖራል። እሱ ቤት ደግሞ ወገቧን እያመማት የምትሰፋ ልጅ አለች።

ከገንዘቡ ልጀምር። ጸሐፊው የጤና ፕሮግራም ሲሉ የታያቸው ጂም፣ አሠልጣኝና በየወሩ የሚመጣ ሐኪም ነው። እሱ ከሆነ እውነታቸውን ነው፣ አቅሙ የለንም። ግን እስቲ እኔ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዷ ሠራተኛዬ በወር ሁለት ሦስት ቀን መቅረት ጀመረች። ኦቨርሎክ በሚባለው የጨርቅ ጠርዝ መስፊያ መኪና ላይ እንደ እሷ እጇ የሚፈጥን አልነበረም። ስትመጣም ፊቷ ገርጥቶ ነው። አንድ ቀን ሆዴን ትላለች፣ ሌላ ቀን ወገቤን። ስንፍና መስሎኝ ተቆጥቻታለሁ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ውሃ ቀድቼ ሰጠኋት። ብርጭቆውን ተቀብላ አጠገቧ አስቀመጠችው፤ አልቀመሰችውም። «ለምን?» ስላት አንገቷን ደፋች። «ተይው እትዬ፣ ይቅርብኝ» አለች። ሌሎቹ ሲወጡ ነው የነገረችኝ። የሽንት ቤቱ ቁልፍ የሚቀመጠው ግቢው በር ላይ ካለው ሱቅ ነበር። ሱቁ ደጃፍ ሁልጊዜ ጎረምሶች ተቀምጠዋል። ቁልፍ ስትጠይቅ ሁሉም ዞሮ ያያታል። ስለዚህ ጠዋት ከቤቷ ከወጣች ማታ እስክትገባ ውሃ በአፏ አይዞርም። ጤና ጣቢያ ስትሄድ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው ተባለች። ሦስተኛ ጊዜዋ ነበር።

በማግስቱ ሁለት ቁልፍ አስቀረጽኩ። አንዱ ከመቀሶቹ ጎን ሚስማር ላይ ተሰቀለ። ማንም ማንንም አይጠይቅም። ለበሩ ከውስጥ መቀርቀሪያ፣ ለእጅ መታጠቢያ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን፣ ሳሙና። ልጅቷ ውሃ መጠጣት ጀመረች። መቅረቷም ቀረ። እኔ የጤና ፕሮግራም የምለው ይህን ነው።

ከቁልፉ በኋላ ዓይኔ ተከፈተ። ስፌት ቤት ውስጥ ሰው የሚቀመጠው ባገኘው በርጩማ ላይ ነው። አንዱ አጭር ነው፣ አንዱ ይወዛወዛል። የስፌት መኪናው ለሁሉም አንድ ቁመት ነው፣ ሰዉ ግን አንድ ቁመት አይደለም። ረጅሙ ጎብጦ ይውላል፣ አጭሯ ትከሻዋን ሰቅላ ትውላለች። አናጢ ጠርቼ የየሰዉን ቁመት አስለክቼ መደገፊያ ያላቸው ወንበሮች አሠራሁ። መብራቱም እንደዚሁ ነበር። ጣሪያው ላይ አንድ አምፖል ብቻ ስለነበር፣ የሰፊዋ ጥላ የሚያርፈው የምትሰፋው ጨርቅ ላይ ነው። ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ በጥቁር ሰማያዊ ክር እንዲህ እየሰፉ መዋል ዓይን ያጠፋል። አሁን በየመኪናው ራስ ላይ ትንሽ አምፖል አለ። ወንበሩም መብራቱም ቁልፉም ተደምሮ የአንድ ጣቃ ጨርቅ ዋጋ አልሞላም።

ሌላው ደግሞ ሕግ ነው፤ አቅም ኖረም አልኖረም ይፈጸማል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይላል። በሳምንት አንድ ጊዜ ሳይቆራረጥ 24 ሰዓት ዕረፍት። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ። የታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን አንድ ወር ሙሉ ደመወዙን፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሹን ያገኛል። አዋጁ «አምስት ሰው ያለው ቤት ይለፈው» አይልም። ጸሐፊው ይህን አንድ ቦታ እንኳን አላነሱትም፤ እኔን በጣም የከፋኝም ይኼ ነው። ዕረፍት የሚሰጥ አሠሪ ስጦታ እንደሚሰጥ ተደርጎ ነው የተጻፈው። ሠራተኛው የሚቀበለው ግን የራሱን መብት ነው።

ጤና የመንግሥት ጉዳይ ነው፣ መድህንም አለ የሚሉትን ልውሰድ። መድህኑ ትልቅ ነገር ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር አንዷ የእኛው ተሁለደሬ ነበረች። ሐይቅ ከተማ አካባቢ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ያውቃል። ከሠራተኞቼም አብዛኞቹ በቤተሰባቸው በኩል አባል ናቸው። የእድሳቱ ክፍያ ሲደርስ ለጎደለው ቀድሜ እሰጣለሁ፣ በሦስት ወር ከደመወዙ ይመልሳል። ለእኔ ይህ ቀላል ነገር ነው፤ ለእነሱ ግን ዓመቱን ሙሉ ሐኪም ፊት መቅረብ መቻል ነው።

ነገር ግን መድህን የሚደርሰው ከታመምን በኋላ ነው። ጤና ጣቢያው ስፌት ቤቴ ገብቶ መስኮት አይከፍትልኝም።

የመስኮቱ ነገር ቀልድ አይደለም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ሐምሌና ነሐሴ የጦሳ ተራራ ጭጋግ ለብሶ ይውላል። መብራት ሲሄድ የከሰል ካውያው ይወጣል። ብርድ ነውና በሩ ይዘጋል፣ መስኮቱም ይዘጋል። አንዳንዱ ቤት ለመሞቂያም ብሎ ምድጃውን ወደ ውስጥ ያስገባል። ትንሽ ቆይቶ አንዷ «ራሴን» ትላለች። ሌላዋ ያቅለሸልሻታል። ድካም ነው፣ ረሃብ ነው፣ ቡና ስላልጠጣን ነው ይባላል። አይደለም። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። አይታይም፣ አይሸትም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ሰውየው እንቅልፍ መጣብኝ ብሎ ጋደም ይላል፣ በዚያው ይቀራል። ብዙ ሰው ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ከቀላ በኋላ ችግር የለውም ብሎ ያምናል። እኔም አምን ነበር። የቀላውም ከሰል ጋዙን ያወጣል። አሁን እኛ ቤት ከሰል የሚቀጣጠለው ውጭ ነው። ካውያው በረንዳ ላይ ይሞቃል። መተኮሻው ጠረጴዛ መስኮቱ ሥር ተዛውሯል፣ እየተተኮሰ መስኮት አይዘጋም። ለበረደው ጋቢ አለ።

ያው ክፍት መስኮት ለሳንባ ነቀርሳም ይጠቅማል። ጠባብ ቤት ውስጥ ሰባት ሰው ቀኑን ሙሉ አንድ አየር ነው የሚተነፍሰው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው መመርመር አለበት። ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው፤ የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ይወስዳል። ታዲያ ሰው ለምን ሳሉን ይደብቃል? እንዳይባረር ነው። ከሥራ ተባሮ የቤት ኪራይ ከማጣት፣ ሳሉን በነጠላ አፍኖ መስፋት ይሻለዋል። ይህን ፍርሃት ማንሳት የሚችለው አሠሪው ብቻ ነው። «አብሽር፣ ሂድና ተመርመር፣ ቦታህን ማንም አይነካውም» ማለት ነው። ከዚያ በቃልህ መገኘት።

የደም ግፊትም አለ። በዓመት ሁለቴ ሁላችንም ተራ በተራ ጤና ጣቢያ ሄደን እንለካለን። አርባ ያለፈው ቆራጫችን አንድም ቀን ታምሞ አያውቅም፤ ሲለካ ከ140 በ90 በላይ ሆኖ ተገኘ፣ በሌላ ቀን ሲደገምም ያው ሆነ። አሁን መድኃኒቱን ይወስዳል። የግፊት አስቸጋሪነቱ እዚህ ላይ ነው፣ ሳይሰማህ ይቆያል። የወጣብን ነገር ቢኖር የአንድ ጠዋት ጊዜ ነው።

ቡናችንና ቅሬያችን ይበቃናል የሚለው ነጥብ ላይ ልቤ ለሁለት ይከፈላል። ከልብ የምወደው ነገር ነውና። ወሎ ውስጥ ቅሬ የሌለው ሰው የለም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ድንኳን ሥር ነው የሚቀመጠው። ግን እንተሳሰብ። ቅሬ የሚመጣው ሰው ሲሞት ነው። ያስተዛዝናል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል። የሞተውን ያከብራል፣ ያለውንም ያጽናናል። እኔ የማወራው ግን ገና በመኪናው ላይ ተቀምጣ ስላለችው ልጅ ነው።

ቡናውም ቢሆን አጠጣጡ ነው ወሳኙ። ተቀጥሬ በሠራሁበት ቤት ቡና ይፈላ ነበር። ስኒው ግን እኛ ያለንበት ድረስ ይመጣል። አንድ እጅ ስኒ ይይዛል፣ አንድ እጅ ጨርቅ ይገፋል፣ እግር ፔዳል ላይ ነው። አቦሉም ቶናውም በረካውም እንዲህ ያልፋል። ከቀኑ ያተረፍነው ነገር ቢኖር ጨርቅ ላይ የፈሰሰ ቡናና የአሠሪው ቁጣ ነው። አሁን እኔ ቤት ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን ሁሉም መኪና ይቆማል። ይነሳሉ፣ እጃቸውን ያፍታታሉ፣ በረንዳ ላይ ይወጣሉ። ቡናው እዚያ ነው የሚጠጣው፣ ከሰሉም እዚያው ውጭ ነው። ሃያ ደቂቃ ነው። ስለ ወገብ፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ኪራይ የሚወራው ያን ጊዜ ነው። የማላውቀውን ነገር ሁሉ የማውቀው እዚያ ነው። ስለዚህ ቡናችን ይበቃል ሲሉ፣ አዎ ሊበቃ ይችላል እላለሁ፤ እግራችን ከፔዳሉ ላይ ከወረደ።

ወሎን ካነሱ ጾሙንም ማንሳት ነበረባቸው። ከሰባታችን አራቱ ሙስሊም፣ ሦስታችን ክርስቲያን ነን። ረመዳን ላይ የሚጾሙት ጠዋት ቀድመው ይገባሉ፣ ለማፍጠር በቂ ጊዜ እያለ ይወጣሉ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ የማይቀምሱ አሉ፤ ለእነሱ ከባዱ ሥራ፣ ጣቃ ማንሳቱና መቁረጡ፣ ጠዋት ላይ ይደረጋል። የዙሁር ሶላት የሚሰገድበት ጥግ ንጹሕ ምንጣፍ አለው። በአንዱ ጾም ሌላው ይሸከማል፣ በሌላው ጾም ያኛው ይመልሳል። ይህን ከየትም ሀገር መጽሐፍ አላመጣሁትም። ተነጋግረን ያወጣነው ሰዓት ነው። ሳንቲም አልወጣበትም። ረሃብና ድካም ተደራርቦ እጅ መርፌ ሥር የሚገባው ከሰዓት በኋላ እንደሆነ ግን ስፌት ቤት የሠራ ሁሉ ያውቃል።

ቡናና ቅሬ የማይደርሱበት ሌላም ሕመም አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ ስንቱ ሱቅ እንደተዘረፈ፣ ስንቱ ቤት ሐዘን እንደተቀመጠ ሁላችንም እናውቃለን። አንዷ ሠራተኛዬ ወንድሟን ያጣችው ያን ጊዜ ነው። ከጎናችን ብረት ቤት አለ። ቆርቆሮ ሲወድቅ ድው ይላል። ያን ጊዜ እግሯ ከፔዳሉ ላይ ይነሳል፣ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ጭምቅ አድርጋ ትይዛለች። ማንም ምንም አይናገርም። አጠገቧ ያለችው መኪናዋን ታቆማለች። «አብሽሪ» ትላታለች። ከዚያ እንደገና ይጀምራሉ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲላት ሳምንታት እንዳለፉ ስትነግረኝ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አብሬያት ሄድኩ። ቀኑን ከደመወዟ አልቆረጥኩም። የዓለም ጤና ድርጅት በድባቴና በጭንቀት የተነሳ በዓለም ላይ በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀን እንደሚባክን ይናገራል። እኔ ቤት የባከነውን በጣቴ መቁጠር እችላለሁ፤ ልጅቷንም በስሟ አውቃታለሁ። ትንሽ ቤት መሆን ለዚህ ይመቻል። ትልቁ ፋብሪካ ይህን ለማየት ኮሚቴ ያስፈልገዋል።

ሠራተኛ ሠልጥኖ ይሄዳል ላሉት ብዙ መልስ የለኝም። አዎ፣ ይሄዳል። ከእኔም ሄደዋል። ግን ስንብት ሲጠይቁ የሚነግሩኝን ሰምቻለሁ። ደመወዝ ያሉ አሉ። ወገቤን ያለችም አለች። አዲስ ሰው ኮሌታ ቀጥ አድርጎ እስኪሰፋ የሚበላሸውን ጨርቅ ያየ ሰው የወንበር ዋጋ አይከብደውም።

አሁን ወደ አሜሪካኖቹ ልምጣ። ይህ ነጥብ ከአምስቱ ሁሉ ጠንካራው ነው፣ ከፊሉም እውነት ነው። ታሪኩ ሙሉውን ሲነገር ግን ሌላ መልክ አለው።

በ2010 እ.ኤ.አ. ካትሪን ቤከር፣ ዴቪድ ከትለርና ዚሩይ ሶንግ የተባሉ ተመራማሪዎች የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስበው መረመሩ። አሠሪ ለሠራተኛ ጤና ፕሮግራም ያወጣው አንድ ዶላር ከሕክምና ወጪ 3.27፣ ከሥራ መቅረት ደግሞ 2.73 ዶላር ያድናል አሉ። ያ ቁጥር ዓለምን ዞረ። ፕሮግራም የሚሸጥ ሁሉ ያነበንበው ጀመር። ቆይቶ ግን ሥራ ቦታዎችንና ሠራተኞችን በዕጣ ከፍለው የሚያነጻጽሩ ጥናቶች መጡ። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ 5,000 የሚጠጉ የራሱን ሠራተኞች ይዞ ሞከረ። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሶንግና ቤከር ራሳቸው አንድ ትልቅ የችርቻሮ ድርጅት ውስጥ 160 የሥራ ቦታዎችንና 33,000 የሚጠጉ ሠራተኞችን ያቀፈ ጥናት አወጡ። ከ18 ወር በኋላ ስፖርት እሠራለሁ፣ ክብደቴን እከታተላለሁ የሚለው ሰው ጨምሯል። በክብደቱ፣ በደም ግፊቱ፣ በኮሌስትሮሉ፣ በሕክምና ወጪውና በመቅረቱ ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ቀድሞ የደረሱበትን በራሳቸው እጅ መልሰው የፈተሹ ሰዎች ናቸውና አከብራቸዋለሁ።

እዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ጥያቄው የተሞከረው ምንድን ነው የሚለው ነው። በዋናነት ትምህርት ነበር። ስለ አመጋገብ፣ ስለ እንቅስቃሴ፣ ስለ ጭንቀት የሚሰጥ ትምህርት፣ ምርመራና ማበረታቻ። ሥራው ራሱ ባለበት ነው የቆየው። ሰዓቱ፣ ወንበሩ፣ ፈረቃው፣ ደመወዙ አልተነካም። ስለዚህ ከጥናቱ የሚወጣው ትምህርት ለእኔ ይህ ነው፤ ሰውየውን ብቻ አስተምረህ ሥራውን እንዳለ ከተውከው ብዙም አይለወጥም። የሽንት ቤት ቁልፍ ሳትሰጣት ውሃ በብዛት ጠጪ ብሎ ማስተማር እንደዚያ ነው። ጸሐፊው ጥናቱን ይዘው «ምንም አታድርጉ» አሉ። እኔ ያው ጥናት «ትምህርቱን ትታችሁ ሥራውን አስተካክሉ» የሚል ሆኖ ነው የታየኝ።

የሀገሩም ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ አሠሪ የሠራተኛውን የጤና ኢንሹራንስ ይከፍላል። ስለዚህ የሕክምና ወጪ ቢቀንስ ትርፉ ወደ ኪሱ ይመለሳል፤ ሂሳቡም ለዚያ ነው የተሠራው። እዚህ ሠራተኛዬ ስትታመም የሚከፍለው ቤተሰቧና መድህኑ ነው። ስለዚህ «አንድ ብር አውጡ፣ ሦስት ይመለሳል» ብዬ ማንንም አላግባባም። ወንበሩ ምን ያህል ብር እንዳተረፈልኝ አልቆጠርኩም። ለወንበሩ ያነሳሳኝ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጥኩበት በርጩማ ነው። ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ዛሬም ወገቤ ያስታውሰኛል።

ጸሐፊው ያላነሱት፣ እኔም ገና ያልፈታሁት አንድ ነገር ይቀራል። እሱም ነሐሴ ነው። ዩኒፎርም ሰፊ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ያንን ወር ነው። ትምህርት ቤቶች ትዕዛዙን ያዘገያሉ፣ መስከረም ግን አይዘገይም። አዋጁ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይለፍ ይላል። አምና እኛ አልፈን ነበር። ጳጉሜ ላይ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን መርፌው የአንዷን ጥፍር በስቶ አለፈ። ጨርቁን ስናነሳ ነጩ ሸሚዝ ላይ ያየሁትን ደም እስካሁን አልረሳሁትም። ትርፍ ሰዓቷን ከፍያለሁ፣ ሕክምናዋን ከፍያለሁ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። ያን ያህል ሥራ በዚያ ሰዓት መቀበል አልነበረብኝም።

ዘንድሮ ለምንሰፋላቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ቀድሜ ነገርኳቸው። እስከ ሐምሌ 30 ያዘዘ በመስከረም መጀመሪያ ያገኛል። ከዚያ በኋላ ያዘዘ ከመስቀል በኋላ ነው የሚረከበው። ሁለቱ እሺ አሉ፣ ከእነሱም አንዱ ልኬቱን ከወዲሁ ልኳል። ሦስተኛው ቀብዱን መልሶ ወስዶ ሌላ ሰፊ ጋ ሄደ። አራተኛው ትልቁ ደንበኛችን ነው። እስከ ዓርብ አስበን እንነግርሻለን ብለውኝ ነበር። ዛሬ ሰኞ ነው፣ አልደወሉም።